ሙሉቀን ያሳየኝ እጅ

ሰውዬውን ያወቅሁት ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው። ከቆርቆሮ በሬ ውጭ ቆሞ፣ ገና ሳያንኳኳ፣ «እህም… እህም» ሲል እኔ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስሁ ነበር፤ እጄ ባለበት ቀረ። እንደዚያ አድርጎ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ ሊናገር ሲል አገሩ ሁሉ ዝም እንዲልለት የሚፈልግ። ሄጄ በሩን ከፈትሁ። ሙሉቀን ራሱ ነው። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ ኮቱ ውድ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ጫማው ላይ የሰፈራችን የሽምብጥ ጭቃ ተለጥፎበታል። ከጎኑ ስልኳን በሁለት እጇ የያዘች ቀጭን ልጅ ቆማለች። አላወቀኝም። እንዴትስ ብሎ ያውቀኛል? እሱ የሚያውቃት አትጠገብ ሹሩባ የተሠራች፣ ሳቂታ ኮረዳ ናት፤ በር የከፈተችለት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ጡረተኛ መምህርት ናት። ስሜንም ቢሆን የሚጠራው የለም፤ በከተማው «እትዬ ፊዚክስ» ነው የሚሉኝ።

«እትዬ ፊዚክስ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?» አለኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«ነኝ።»

«ኢንጂነር ሙሉቀን እባላለሁ። ይቺ የልጄ ልጅ ናት፣ ሶልያና። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ለመልቀቂያ ፈተናው ፊዚክሱ አስቸገራት። ያልሞከርነው የለም። አንዱ አስጠኚ ቤት ድረስ እየመጣ ቪዲዮ ያሳያታል እንጂ አያስተምራትም። ማስጠኛ ማዕከልም አስገብተናት ነበር፤ ልጁን ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ አጉረው ይጮኹበታል። እኔ እንዳላስረዳት ደግሞ ትዕግሥቱ የለኝም። የጠየቅነው ሰው ሁሉ ወደ እርስዎ ነው የጠቆመን።»

ዞር ብዬ ልጅቱን «ምኑ ላይ ነው የሚከብድሽ የኔ ልጅ?» አልኋት።

«ማግኔቲክ ፊልድ ላይ» አለች እያፈረች። «እጆቹ ይምታቱብኛል። ለሞተር የትኛው እጅ፣ ለጄኔሬተር የትኛው እጅ እንደሆነ… ሁሌ እሳሳታለሁ።»

እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው! መነጽሬን አውልቄ በነጠላዬ ጫፍ መጠራረግ ያዝሁ፤ ሳቄን ለመደበቅ ሌላ ዘዴ አልነበረኝም። «ቅዳሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት አምጧት» አልሁት። «እርስዎም አብረው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያ ቀን ከወላጅ ጋር ነው የማስጀምረው።» እንዲህ የሚባል ደንብ ኖሮኝ አያውቅም፤ እዚያው በሩ ላይ ነው የፈጠርሁት። አመስግኖኝ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶኝ ሄደ። ጎመኑን ያን ቀን ማን ሊሠራው? ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ሐይቁ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ዝናብ ባባራ ቁጥር የደንገሉና የእርጥብ ጭቃው ሽታ ይመጣል፤ የሽታው ነገር አልተለወጠም፣ የተለወጠው ሌላው ሁሉ ነው። አሁን ባጃጅ የሚርመሰመስበት የባሕር ዳር መንገድ ያኔ የብስክሌት ነበር። መምህሩም፣ ጸሐፊውም፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛም በብስክሌት ነው፤ የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ መንገዱ በብስክሌት ይሞላና የደወሉ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ዘንባባዎቹ ገና ልጅ ነበሩ፣ ጥላቸው አንድ ሰው አያስጠልልም። ሻይ ቤቶቹ ሬዲዮናቸውን ወደ ውጭ አዙረው ዘፈን ይለቁታል፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፣ ቦንቦሊኖውም እንደዚያው፣ በአንድ ብርጭቆ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጠው ዘፈን የሚሰሙ ጎረምሶች ነበሩ፤ ባለቤቱም ተነሡ አይል። ወንዶቹ ሱሪያቸው ከታች ሰፍቶ መንገዱን ይጠርጋል፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው ማበጠሪያ ይሰኩበታል። እኛ ሴቶቹ ያለችን አንዲት የቴትሮን ቀሚስ ናት፤ ማታ ታጥባ ጧት ትለበሳለች፣ ቴትሮን ደግ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። የዘጌ ሰዎች እንጨት ጭነው በታንኳ ሲመጡ እኛ ደብተር ይዘን በዳርቻው ወዲያና ወዲህ እየተመላለስን እናነባለን። የዛሬ ልጅ ጠረጴዛ ካላገኘ ያጠና አይመስለውም፤ እኛ እግራችን ካልተንቀሳቀሰ ነገሩ አይገባንም ነበር።

የእኔ ነገር ደግሞ ልዩ ነው። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ፣ ቤታችን ከደቀ መዛሙርት ጎጆ ጋር አጥር ለአጥር ነው። ዜማ እየሰማሁ ተኝቼ ዜማ እየሰማሁ ነው የምነቃ። ታዲያ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ጢስ ዓባይ ወሰደን። ሌሎቹ ፏፏቴውን ሲያዩ እኔ ከኃይል ማመንጫው ቤት አልወጣ አልሁ። ያ ብረት ሲሽከረከር መሬቱ ከእግሬ ሥር ይነዝራል። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰውዬ «ይሄ ጄኔሬተር ይባላል፣ ባሕር ዳር ላይ የምታበሩትን መብራት የሚያመነጨው እሱ ነው» አለን። እኔም ይሄን የማዝዝ ሰው እሆናለሁ አልሁ፣ በቃ። ለአባቴ ስነግራቸው ሳቁ፤ ግን አልከለከሉኝም። ለዚያ ደግሞ ማትሪክ ላይ ፊዚክስ በደንብ መውጣት አለበት። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤታችን በፊዚክስ አንደኛ የሚወጣው ውጭ አገር ሄዶ ምሕንድስና የሚማርበት ዕድል አለ ይባል ነበር። ከፊት ያለነው ሁለት ነን፤ እኔና ሙሉቀን።

አስጠኚ መቅጠር የሚባል ነገር ያኔ አይታወቅም። ያለው ጋሽ ዓይናለም ነው። ጋሽ ዓይናለም ቅኔ አስመስክሮ፣ ከዚያ ዘመናዊውን ተምሮ፣ ፊዚክስ ማስተማር የጀመረ ሰው ነው፤ ከሐይቁ ዳር ግቢው ውስጥ ከሾላው ሥር ተማሪ ሰብስቦ በነፃ ያስጠናል። ግን አስተማሩ የቅኔ ቤት ነው! አዲስ ገቢ ዘሎ እሱ ዘንድ አይቀርብም። መጀመሪያ ከአስቀጻዩ ፊት ይቀመጣል፤ አስቀጻይ ማለት ከመምህሩ በፊት ታናናሾቹን የሚያስጠና ትልቅ ተማሪ ነው። አስቀጻዩ ቃሉን ይሰጥሃል፣ አንተ በቃልህ ይዘህ ትወጣዋለህ፣ ጋሽ ዓይናለም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብሎ ይሰማሃል፣ የተሳሳተውን ያርምልሃል። እኔ ዘግይቼ ነው የገባሁ፤ ቀድሞ የገባው ሙሉቀን አስቀጻይ ሆኖ ጠበቀኝ። ሌላው ልጅ ቢሆን «እንዴት? ለምን?» ይል ይሆናል። እኔ ግን የየኔታ ልጅ ነኝ፤ አስቀጻይ የሰጠህን ቃል ስትቀበል ለምን አይባልም፣ ትይዘዋለህ እንጂ። ሙሉቀንም ይሄንን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ጋሽ ዓይናለም ለእናቱ ሙት ዓመት ወደ ቆላ ድባ ሄደ፣ ፈተናው ደርሷል። የቀረኝ የሞተርና የጄኔሬተር ሕግ ነው፤ ሦስት ጣት ዘርግተህ የግፊቱን፣ የማግኔቱንና የኮረንቲውን አቅጣጫ የምታነብበት። ሙሉቀን ከሾላው ሥር ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገና ቀኝ እጁን አነሣ፤ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሐል ጣት። «ሞተር በቀኝ እጅ፣ ጄኔሬተር በግራ እጅ» አለኝ። «ምክንያቱ ግልጽ ነው አትጠገብ፤ ሞተር ሥራ ይሠራል፣ ሰው ደግሞ የሚሠራው በቀኙ ነው።» እንዴት አላምነው! ግራ እጄን ለሰው በዘረጋሁ ቁጥር እናቴ ጥፊ ታቀምሰኝ ነበር። በቀኝ እንበላለን፣ በቀኝ እናማትባለን፣ ሥራን በግራ የሚሠራ የተባረከ ነገር አለ ቢሉኝ ነው የሚገርመኝ። ዜማ አወጣሁለት፣ በዳርቻው እየተመላለስሁ፣ እጄን እያነሣሁ እየጣልሁ፣ ደቀ መዛሙርቱ ድጓ እንደሚቀጽሉት ቀጸልሁት። ታንኳ የሚያወርዱት ሰዎች «ይቺ የየኔታ ልጅ ምን ነካት?» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

ያን ዓመት ፈተናው ይሄንኑ ክፍል ደጋግሞ ይዞት መጣ። እኔ ደስ ብሎኝ፣ ዜማዬን በልቤ እያልሁ፣ ቀኝ እጄን እያነሣሁ ሁሉንም አጠቆርሁት። ስንወጣ እንደ ልማዳችን ሐይቁ ዳር ተሰብስበን መልስ ማመሳከር ጀመርን። የጄኔሬተሩ ጥያቄ ላይ ስንደርስ ልጁ ሁሉ ቀኙን አነሣ፤ ግራዬን ያነሣሁ እኔ ብቻ ነኝ። ሙሉቀንም ቀኙን አንሥቷል። ዓይኔን ሲያይ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ለእኔ እንዲህ ነው እንዴ ያልኸኝ?» አልሁት።

«አትጠገብ፣ ፈተና እኮ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ሁሉም ለራሱ ነው።» ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሄደ። ያን ፈገግታ ነው እስከ ዛሬ ይዤው ያለሁት። ሳይገባው ተሳስቶ ቢሆን እኔም ይቅር ባልሁ ነበር፤ እሱ ግን አውቆ፣ አስቦ፣ ቀኝ እጄን በጣቱ ይዞ እያስተካከለ ነው ያጠፋኝ።

እሱ ውጭ ሄደ፤ በሬ ላይ እስከቆመበት ቀን ድረስ ዓይኑን አላየሁትም። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ተመደብሁ። ጋሽ ዓይናለም ከቆላ ድባ ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ ሾላው ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲያ ታናሽ በታላቅ ማስጠናቱን ተወው፣ ታሞም ሰነበተና አረፈ። መጀመሪያ ሐሙሲት፣ ኋላ መራዊ፣ በመጨረሻ እዚሁ ባሕር ዳር አስተማርሁ። ክፉ ኑሮ ኖርሁ አልልም፤ ተማሪዎቼ ወደውኛል፣ ስንቱን ለወግ አብቅቻለሁ። ግን ያንን ምዕራፍ ባስተማርሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሣው ቀኝ እጄ ነው። ልጅ እያለሁ በዜማ የገባ ነገር አይወጣማ! አርሜ ግራዬን አነሣለሁ፣ ተማሪዎቹ «ቲቸር ደግሞ!» ብለው ይሥቃሉ፣ እኔም አብሬ እሥቃለሁ፣ ልቤ ውስጥ ግን ሙሉቀንን እረግመዋለሁ። ጢስ ዓባይ ማመንጫው ቤት ዳግመኛ የገባሁት ተማሪ አስከትዬ ነው፤ የምታዝዘው አንዲት ወጣት መሐንዲስ ነበረች፣ ዞር ብዬ ዕንባዬን ጠረግሁ።

ይሄን ሁሉ ያነሣሁት ያን ሳምንት ምን ሳስብ እንደሰነበትሁ እንዲታወቅልኝ ነው። ልጅቱን በገዛ እጁ አምጥቶ ሰጠኝ። ቅዳሜ ከሰሌዳው ፊት ቆሜ «ሞተር በቀኝ፣ ጄኔሬተር በግራ» ብላት፣ በዜማ ባስጠናት፣ ማን ያውቃል? እኔ እትዬ ፊዚክስ ነኝ፤ ያልሁትን ከተማው ሁሉ ይቀበለኛል። ሐሳቡ ጣፈጠኝ፤ አልዋሽም፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ። ሙሉቀን ውጤቷን ሲያይ፣ ፊቱ ሲጠቁር፣ ከዚያ ማን እንደሆንሁ ስነግረው እያሰብሁ ስንት ጊዜ ብቻዬን ሣቅሁ። ቅዳሜ ጧት ልጅቱ ቀድማ መጣች፤ አግዳሚ ወንበሮቹን ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር አወጣች፣ ሰሌዳውን ሳላዛት በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። «ቲቸር፣ ብሳሳት አይቆጡኝም አይደል? አያቴ ይቆጣል» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ደግሞም እልህ ያዘኝ፤ ያ ሰው አንድ ጊዜ ሕይወቴን ወስዷል፣ ጭራሽ ውሸታም አስተማሪ አድርጎኝ ሊሄድ ነው? አይሆንም! የሚከፍለው ራሱ ነው።

ሙሉቀን መጣና ከተማሪዎቹ መሐል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሰሌዳው ላይ የማግኔቱን ምሰሶዎች ሣልሁ፣ ሽቦውን ሣልሁ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጬ ዞርሁ።

«ዛሬ መሐንዲስ አብሮን አለ» አልሁ ለልጆቹ። «ኢንጂነር፣ እስቲ ይነሡልንና የሞተሩን ሕግ ያሳዩን።»

ደስ አለው። ኮቱን አስተካክሎ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ሦስት ጣቱን ዘረጋ። «ሞተር በግራ እጅ ነው ልጆች፤ ጄኔሬተር ሲሆን በቀኝ» አለ። «በእኛ ጊዜ ይሄንን በአንድ ቀን ነበር የምንይዘው።»

«እውነትዎን ነው» አልሁት። «በአንድ ቀን ነው የተያዘው። ታዲያ ሙሉቀን፣ ከጋሽ ዓይናለም ሾላ ሥር ለየኔታ ልጅ የትኛውን እጅ ነው ያሳየሃት?»

አንተ ስለው ነው መጀመሪያ የደነገጠው። እጁ እንደተነሣ ቀረ። ፊቴን አየው፣ ደግሞ አየው። «አ… አትጠገብ?» አለ።

«ነኝ። ለልጅ ልጅህ ንገራታ። የትኛውን እጅ ነው ያሳየኸኝ?»

ልጆቹ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ሶልያና ብድግ አለች። «አያቴ፣ ምንድን ነው?»

«የድሮ ነገር ነው፣ ልጆች ነበርን…»

«ገልብጦ ነው ያስጠናኝ» አልኋት። «እንዳላልፈው። አለፈ፣ እኔ ቀረሁ።»

«ተሳስቶ ነው?» አለችኝ።

«እሱን ጠይቂው።»

ጠየቀችው። «አያቴ፣ ተሳስተህ ነው?» ተሳስቼ ነው ቢላት ምን ነበረበት? ግን እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜአለሁ። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ኮቱን ጎተተና «ተነሺ፣ እንሂድ» አላት። «እኔ እቆያለሁ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ግን አልተንቀጠቀጠም። እሱ ብቻውን ወጣ፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጭ ፀሐዩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ በቆርቆሮው ስንጥቅ አየዋለሁ፣ ግባ አላልሁትም። ያን ቀን ያስተማርሁትን ያህል አስተምሬ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከብኝ። የነፍስ አባቴን ከፊት አድርጎ፣ ሁለት ጠጉራቸው የነጣ ሰዎች አስከትሎ። ጠላ ቀዳሁላቸው። «ልጄ፣ ሰውየው ተጸጽቷል» አሉኝ አባ።

«ለማን ነው የነገረው፣ አባ?»

«ለእኛ ነግሮናል።»

«የበደለው እናንተን ነው እንዴ?»

አንዱ ሽማግሌ ሣቁ፣ አባ ግን አልሣቁም። «በቂም አይቆረብም፣ አትጠገብ» አሉኝ። «እንግዲህ አልቆርብም፣ አባቴ» አልኋቸው። ሊንበረከኩ ሲነሡ ሮጬ ያዝኋቸው፤ እነዚያ አረጋውያን ምን አደረጉኝና ጉልበታቸውን መሬት አስመታለሁ! «ልጅቱን በደንብ አስተምራታለሁ፤ ይሄን ቃል ውሰዱለት። ሌላ ቃል የለኝም» አልሁ። ጠላውን ጠጥተው መርቀውኝ ሄዱ።

ቃሌን ጠበቅሁ። ሶልያና ቅዳሜም እሑድም ብቻዋን በባጃጅ እየመጣች ተማረች። ስትሳሳት አልተቆጣኋትም፤ እንደገና አሠራኋት። ያለ ምክንያት አንድም ነገር እንድትቀበል አላደረግሁም፤ «ከየት መጣ? በምን አወቅሽ? መጽሐፉ ቢሳሳትስ?» እያልሁ አስጨነቅኋት፣ እኔንም እንድታርመኝ አደረግሁ። ቀኝ እጄ ቀድሞ ሲነሣ «ቲቸር፣ ግራ!» ትለኛለች። ውጤቱ በወጣ ቀን ከበሬ ላይ እልል እያለች ገባችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ኤሌክትሪካል ልትማር ነው። አለቀስሁ፤ በደስታ ነው ያለቀስሁት፣ ቅናትም ነበረበት።

ሙሉቀን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብቻውን፣ በእግሩ። ከስቷል። በሩን ከፍቼ ቆምሁ፣ ግባም አላልሁት።

«አትጠገብ፣ ለይቅርታ አይደለም የመጣሁ» አለኝ። «እሱን እንደማታደርጊው ገብቶኛል። ልጅቱን ነው። አታምነኝም። ዛሬ ማክሰኞ ነው ስላት ስልኳን ታያለች። የደም ግፊት መድኃኒቴ ከምግብ በፊት ነው ስላት ካርቶኑን ታነባለች። ስለ ወጣትነቴ ሳጫውታት አባቷን ‹እውነት ነው?› ትለዋለች፣ እፊቴ። አትሰድበኝም፣ አትቆጣኝም፤ ታከብረኛለች፣ ውኃ ታመጣልኛለች። ግን አንድ ቃሌን ሳታጣራ አትቀበልም። በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች፤ እንዲህ እንደሆንን ልትለየኝ ነው። ያለችኝ የልጅ ልጅ እሷ ብቻ ናት።» ዓይኑ ዕንባ ሞላ። «አንቺ ያልሻትን ትሰማለች። አንድ ቃል ብቻ ንገሪልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«‹አያትሽን እመኚው› በያት።»

ሽማግሌ ሰው በሬ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት። አላዘንሁለትም፤ ባዝንለት ደስ ባለኝ፣ ግን አላዘንሁለትም።

«ተማሪዬን አልዋሽም» አልሁት። በሩን ዘግቼ ምሳዬን ልበላ ገባሁ።